አጭር ስም ያላቸው ሰዎች

ስሙ አጭር የሆነ ሰው ሲያስተዋውቁኝ ደስ አይለኝም። ሰውየው ምን አደረገኝ? ምንም። እሱ እጁን ዘርግቶ ስሙን ሲነግረኝ እኔ ፊደላቱን እየቆጠርኩ ነው። ሁለት የራሱ፣ ሁለት የአባቱ፣ በመሃል አንድ ባዶ፤ በድምሩ አምስት። ከሠላሳ ላይ አምስት ሲነሳ ሃያ አምስት ባዶ ይቀራል። ሃያ አምስት ባዶ ብዙ ነው፤ ሰው ይጠፋበታል። ይህን ሁሉ በልቤ ካሰላሁ በኋላ ነው «እንዴት ነህ» የምለው። ሰዎች ኩሩ ናት ይሉኛል። ይበሉ።

ባለፈው ሰሞን የእህቴ ልጅ ኮምፒዩተሯን ይዛ ሳሎኔ ውስጥ ስትነጫነጭ አረፈደች። የስብሰባ ተካፋዮችን ስም ዝርዝር ከሌላ ሰው ተቀብላ ስትከፍተው ሰንጠረዡ ተበላሽቶባታል። ስሞቹ በአንድ መስመር ይጀምራሉ፤ ከስሞቹ ማዶ ያሉት ቁጥሮች ግን አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ ቆመዋል። አንዱን ስትገፋ ሌላው ይሸሻል። አንድ ሰዓት ያህል ከታገለች በኋላ ምክንያቱን አገኘችው። ባዶ ቦታው ነው ለካ፣ አለች፤ ለዓይን አይታወቅም እንጂ አንዱ ባዶ ከአንድ ፊደል ይሰፋል፤ ስሙ ባጠረ ቁጥር ባዶው ስለሚበዛ ቁጥሩ አብሮ ይርቃል። አውቀዋለሁ አልኳት። ስልክ እንኳ በቅጡ መነካካት የማልችለው ሴትዮ ይህን ከየት አውቄው እንደሆነ ስትጠይቀኝ፣ ከነቀምቴ አልኩና ወደ ጓዳ ገባሁ። ከዚያ በላይ አልነገርኳትም። እዚህ ግን እጽፈዋለሁ።

አባቴ ነጋዴ ነበር። በወጣትነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ ነቀምቴ ሱቅ ከፈተና እዚያው ቀረ። እኛ ልጆቹ ቤት ውስጥ አንድ ቋንቋ፣ ትምህርት ቤት ሌላ፣ ደጅ ስንወጣ ኦሮምኛ እየተናገርን አደግን። እኔ ጎበዝ ነኝ ብዬ የምመካው በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በጽሕፈት መኪና። አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ተቀምጬ ታይፕ ተምሬ ስመለስ፣ ነቀምቴ ውስጥ እንደኔ የሚጽፍ የለም ብዬ አምን ነበር፤ እውነትም ብዙ አልነበረም። መምህራችን ያስተማረን ትልቁ ነገር ዓይንን ከእጅ ጽሑፉ ላይ አለማንሳትን ነው። ጣት ይጽፋል፣ ዓይን ያነባል። ሰንጠረዥ ስሠራም እንደዚያው ነበርኩ። የስሙን ፊደል በልቤ እቆጥርና ከሠላሳ የጎደለውን ረጅሙን የባዶ ቁልፍ በአውራ ጣቴ እየመታሁ ሞልቼ፣ ምልክቱን በቦታው አስቀምጣለሁ። ቀና ብዬ አላይም። ወረቀቱ ሲወጣ ዓምዶቹ በክር የተሰፉ ይመስላሉ፤ በመሃላቸው ያለው ንጹሕ ነጭ ቦታ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ደስ ይለኛል።

በድርቁ ጊዜ ከወሎ ሰው ይመጣ ጀመር። በአውቶቡስ፣ በጭነት መኪና፣ ልጅ ያዘለ፣ በትር የያዘ፣ ባዶ እጁን የሆነ። ነቀምቴ ጥቂት ቀን ያድሩና በኡኬ በኩል ወደ ቆላው፣ ወደ አንገር ጉቲን ሰፈራ መንደሮች ይወርዳሉ። እኔ የምሠራው ይህ ሁሉ ሰው በወረቀት በሚያልፍበት መሥሪያ ቤት ነበር። መዝጋቢዎቹ መጠለያው ውስጥ በእርሳስ የጻፉትን እኔ በታይፕ እገለብጣለሁ። ቅጹ ቀላል ነው። በግራ ስም፣ በቀኝ ሦስት ዓምድ፤ ሦስተኛ መንደር፣ አምስተኛ መንደር፣ ዘጠነኛ መንደር። ሰውየው በሚሄድበት መንደር ሥር አንድ የመደመር ምልክት ይመታል፤ በቃ። ያች ምልክት የወደቀችበት ቦታ የሰውየው አገር ትሆናለች። ያኔ ግን እንዲህ ብዬ አላሰብኩትም። ያኔ ያሰብኩት ስለ ዓምዱ ውበት ነው።

ሁለት መኪና ነበረን። አንዱ የኔ ነው፣ አዲስና ታዛዥ። ሁለተኛው መዝገብ ቤት ውስጥ የተቀመጠ አሮጌ ነበር፤ ከውስጡ አንድ ጥርስ ተበልቶ ኖሮ የባዶ ቁልፉ ይዘላል። ፊደል ስትመቺ ልኩን ይሄዳል፤ ባዶ ስትመቺ ግን ከልኩ ያልፋል። ሦስት ባዶ መትተሽ አራት ትሄጃለሽ። ለደብዳቤ ችግር የለውም፤ በቃላት መካከል ትንሽ መስፋት ማንንም አይጎዳም። ሰንጠረዥ ላይ ነው ጉዱ።

የመዝገብ ቤቱ ሹም በዕድሜ የገፉ ኦሮሞ ነበሩ፤ በልጅነታቸው ሚስዮን ትምህርት ቤት ታይፕ የተማሩ። ከኔ በፊት ዋና ጸሐፊ እሳቸው ነበሩ አሉ። ጴንጤ ናቸው ተብሎ፣ ስብሰባ ላይ እጃቸውን አንስተው መፈክር አላሰሙም ተብሎ፣ ወደ ጓሮው ክፍል ተገፍተው ከአሮጌው መኪና ጋር ተቀመጡ። ሌላው «ጓድ» ሲላቸው ዝም ይላሉ፤ እኔ በኦሮምኛው አክብሮት «ኦቦ» ስላቸው ነው ፊታቸው የሚፈታው። እሳቸው ደግሞ «ኢንታላ ኮ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። የመኪናቸውን አመል ያውቁት ነበር። ሰንጠረዥ ሲሠሩ ከስሙ እስከ ዓምዱ ያለውን ቦታ በባዶ አይሞሉትም፤ ነጥብ በነጥብ አድርገው ይሞሉታል። ነጥብ እንደ ፊደል ነው፤ ልኩን ይሄዳል፤ አይዘልም።

እኔ ይህን አልወደውም ነበር። በልቤ የሽማግሌ ሥራ፣ የድሮ ዘመን ሥራ እለው ነበር። ገጹ ዝንብ ያረፈበት ይመስለኛል። ኃላፊያችንም የቀለም ሪባን ይጨርሳል ብሎ ከልክሏል። አንድ ቀን ይህንኑ እየሳቅኩ ስነግራቸው አልተቆጡም። «ኢንታላ ኮ፣ በባዶ ቦታ አትተማመኚ» አሉኝ። «ባዶን ሰው አያየውም። ሰው የማያየው ነገር ደግሞ የፈለገበት ይሄዳል።» በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባል የለ፤ ሰማኋቸውና ረሳሁት።

ያን ቀን ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ አንድ ገጽ አጋምሼ ነበር። መኪኖቹ እኩለ ቀን ላይ ይነሳሉ ተብሏል፤ ሰዎቹ ከነጓዛቸው ሜዳው ላይ ተሰልፈዋል። በመሃል የካድሬው መልእክተኛ መጣና መኪናዬን ፈለገ። ከሰዓት በኋላ ሰልፍ ስላለ የአቋም መግለጫ መጻፍ አለበት፤ የአቋም መግለጫ ደግሞ በሚዘልል መኪና አይጻፍም። አላንገራገርኩም። ማን ያንገራግራል? ወረቀቱን ከነካርቦኑ ነቅዬ ጓሮው ክፍል ወሰድኩት። ኦቦ አልነበሩም፤ ፋይል ሊያደርሱ ወጥተዋል። ወረቀቱን አሮጌው መኪና ላይ ጠምጥሜ ካቆምኩበት መስመር ቀጠልኩ፤ ዓይኔ የእጅ ጽሑፉ ላይ፣ ጣቴ ቁልፉ ላይ፣ እንደተማርኩት።

የመጀመሪያዋ ስም የአንዲት መበለት ነበረች። ስሟን አልጽፈውም፤ ሁለት ፊደል ነው፤ የአባቷም ሁለት። ከሷ በላይ ያለው፣ በኔ መኪና ላይ የመጨረሻው ሆኖ የተጻፈው ረድፍ የልጇ ባል ነበር። ያኔ መበለቶች ለብቻቸው መመዝገብ ይወዱ ነበር። ለብቻዋ የተመዘገበች የራሷ ጎጆ፣ የራሷ ራሽን ይሰጣታል፤ በአማቿ ቤት ጥገኛ አትሆንም። ስለዚህ ከልጃቸው ጋር አንድ ወጥ እየበሉ፣ በአንድ ቁራጭ ሸማ ተጠቅልለው እያደሩ፣ መዝገብ ላይ ሲደርሱ «እኔን ለብቻዬ» ይላሉ። እሷም እንዲሁ ብላለች። ሁለቱም ረድፎች በእርሳስ «አምስተኛ» የሚል ተጽፎባቸዋል።

ገጹን ጨርሼ ሳወጣው አየሁት። ይህን ነው ለማንም ተናግሬ የማላውቀው፤ አየሁት። የላይኛው ግማሽ ቀጥ ብሎ ወርዷል። የታችኛው ግማሽ ላይ ምልክቶቹ ወደ ቀኝ ተንጋደዋል፤ ረጅም ስም ያላቸው ጥቂት፣ አጭር ስም ያላቸው ብዙ። የመበለቷ ምልክት ከአምስተኛው ዓምድ ወጥታ ዘጠነኛው ሥር ልክ እዚያው የተመታች መስላ ተቀምጣለች። ሙሉውን ገጽ እንደገና መጻፍ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ሜዳው ላይ የመኪኖቹ ሞተር ተነስቷል። ኃላፊው በር ላይ ቆሞ «አላለቀም?» ይላል። እኔ ደግሞ የተበላሸ ሰንጠረዥ የጻፍኩ መሆኔ ነው የከነከነኝ እንጂ ሰዎቹ አልነበሩም። እዚያ ያለው ሰው ዓይን የለውም? ዘንበል ማለቱን አይቶ ያስተካክለዋል፤ እንዲህ አልኩ። ማመሳከሩን ስሞቹ ላይ ብቻ አድርገነው፣ ተፈረመ፣ ማህተም አረፈበት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፤ እኔ አፈሰስኩ፣ የሚለቅመው ግን ሌላ ሰው ሆነ።

ክረምቱ ገባ። አንድ ሐሙስ ጠዋት አንዲት ወጣት ሴት ቢሮዬ ገባች። እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው፤ ጨቅላ አዝላለች። እህል አድርሶ በሚመለስ መኪና ተደብቃ ነው የመጣችው። ያለ ፈቃድ ከሰፈራው መውጣት ያኔ እንደ ኩብለላ ይቆጠር ስለነበር ቆማ እንኳ ዞር ዞር እያለች በሩን ታያለች። የታይፕ ወረቀት የሚጻፈው እዚህ ነው ብለውኛል አለችኝ። ከዚያ ነገሩን በእርጋታ አስረዳችኝ፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ከመኪና የሚያወርዷቸው ሰዎች ስም ሲጠሩ እሷንና ባሏን አምስተኛ፣ እናቷን ዘጠነኛ ብለው ለያዩአቸው። አንድ ነን ብትል ወረቀቱ ዘጠኝ ይላል አሏት። ሁለቱን መንደር የአንገር ወንዝ ይለያቸዋል። ወንዙ ሲሞላ የሚያሻግር አንድ ጀልባ ብቻ አለ፤ ወረቀት የሌለውን አይጭንም። እናቷ ማዶ መጥታ ቁጭ ትላለች፣ እሷ ወዲህ፤ ውኃው ይጮሃል፣ የሚባባሉትን አይሰሙም። ያለፈውን ሳምንት እናቲቱ ስትንቀጠቀጥ ከማዶ አይታታለች።

«እታለም» አለችኝ፣ «ብዙ አልፈልግም። አምስት የሚል ወረቀት ጻፊልኝ። እናታለም ብርድ ይዟታል፤ እሳት የሚያነድላት የለም።»

ቅጂውን ከፋይል አወጣሁት። ገና ሳላወጣው አውቄዋለሁ። የእናቷን ስም ስትነግረኝ ፊደሉን ቆጠርኩ፤ በሰው አፍ የሰማሁትን ስም መቁጠር የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው። ወረቀቱን ስገልጠው ያቺ ምልክት እንደተውኳት እዚያው ናት።

ኃላፊው ዘንድ ገባሁ። ስህተት ሳይኖር አይቀርም አልኩት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የፈራ ሰው ነበር፤ ያኔ ሁላችንም እንደዚያው ነን። በማህተም የወጣ ዝርዝር ስህተት ነው ከተባለ ስህተቱን የሠራው ማነው ተብሎ ይጠየቃል፣ ጥያቄው ደግሞ ከላይ ይመጣል፣ ከላይ ሲመጣ ስሙ ስህተት ሳይሆን አሻጥር ይሆናል አለኝ። ከዚያ ዓይኔን እያየ ጠየቀኝ። «ማነው የጻፈው?»

እኔ ነኝ ማለት ሁለት ቃል ነው። ከዚህ ያነሰ ነገር በዕድሜዬ አልተጠየቅኩም። ልቤ ግን የኦቦን የጓሮ ክፍል አየ፤ ከዚያ የባሰውን፣ መስኮት የሌለውን ክፍልም አየ። «ላጣራ» አልኩት። ወጥቼ ሴቲቱን ሰኞ ተመለሽ አልኳት። ሰኞ ድረስ የት እንደምትሆን አልጠየቅኳትም። እሺ አለችና ልጇን አስተካክላ አዝላ ወጣች። በኋላ እንደሰማሁት የአባቴ ሱቅ ካለበት መስመር፣ አንድ የሚያዝንላት ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ከጆንያ ጋር አደረች። ከቤታችን የሁለት ደቂቃ መንገድ ነው። እኔ እነዚያን ቀናት ቤቴ ተኝቼ ነበር፤ ተኛሁ ካልነው።

ሰኞ መጣች። ኃላፊው ለስብሰባ ወጥቷል አልኳት። ወጥቷል፤ እውነት ነው። ግን ባይወጣም ሌላ ምክንያት አላጣም ነበር። በር ላይ ቆማ ብዙ አየችኝ። የምታውቅ መሰለኝ። እስከ ዛሬም ታውቅ ነበር ወይ እያልኩ አስባለሁ፤ ወረቀቱን ጽፌ እናቷን ማዶ የጣልኳት እኔ እንደሆንኩ እያወቀች ነው ወይ «እታለም» ያለችኝ?

ማክሰኞ ጠዋት ኦቦ የሴቲቱን ነገር ሰምተው ቢሮዬ መጡ። እሳቸው ወደ ፊተኛው ቢሮ መምጣት ትተው ነበር። ቅጂውን ጠይቀው ብርሃን ላይ ይዘው አዩት። ከየት መስመር ላይ መኪና እንደተቀየረ ሳልነግራቸው በጣታቸው ነኩት፤ በልጇ ባልና በእናቲቱ መካከል። እኔ በዚያ ሰዓት ሊገስጹኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። አልገሰጹኝም። ገጹን እንደገና ጻፊው፣ በሚፈረሙት ደብዳቤዎች መሃል አስገቢው፣ የማያነብ ሰው ከሁሉ በታች ያለውንም ይፈርማል አሉኝ። «በኔ መኪና ላይ ጻፊው፣ ከተጠየቀ የሳቸው ሥራ ነው በይ» አሉ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው «ናጋ ቡልቴ» ብለው ጠዋት ሰላም ከሚሉኝ ድምፅ አልተለየም።

ጓሮው ክፍል ገብቼ ጻፍኩት። ከስሙ እስከ ዓምዱ በነጥብ። ስንት ጊዜ የናቅኩትን ነጥብ አንድ በአንድ መታሁት፤ መኪናው አልዘለለም። ምልክቶቹ ቀጥ ብለው ወረዱ፤ የመበለቷም ከአማቿ ሥር፣ አምስተኛው ዓምድ ውስጥ ገባች። ለካ ይህን ያህል ቀላል ነበር። አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም፤ በሰዓቴ አይቼዋለሁ፣ አርባ ደቂቃ። ከሰዓት በኋላ ኃላፊው ተመልሶ ደብዳቤዎቹን ሳያነብ ፈረማቸው። ረቡዕ ማለዳ ሴቲቱ ወረቀቷን ተቀብላ ማህተሙን በጣቷ ዳበሰችው፤ እጄን ልትስም ጎንበስ ስትል ሸሸሁ። ያን ቀን ወደ ኡኬ የሚወርድ መኪና አገኘች።

ሁለተኛ አላየኋትም። ወንዙን ተሻግራለች፣ እናቷን አዝላ አምጥታለች፣ እሳት አንድዳላታለች ብዬ አምኜ ነበር። አምኜ ነበር ስል ለማመን ብዙ ደክሜ ነበር ማለቴ ነው። መንገድ ላይ የወሎ ሰው ባየሁ ቁጥር የማውቃት እየመሰለኝ እቆማለሁ። የኃላፊው በር በተከፈተ ቁጥር ተደረሰብኝ እላለሁ፤ አልተደረሰብኝም። ማንም ምንም አልጠየቀም። አሻጥር ነው የሚባለው ያ ሁሉ ፍርሃት ተጠራቅሞ ባዶ ሆነ። የምፈራው ነገር ጭራሽ እንዳልነበረ ሳውቅ ነው ይበልጥ የታመምኩት።

በወሩ መጨረሻ ከመንደሮቹ የሟቾች ዝርዝር በእርሳስ ተጽፎ መጣ። ስም፣ የሞቱበት ቀን፣ ምክንያት፣ መንደር። ምክንያቱ ከላይ እስከ ታች ወባ ነው። እኔ ራሴ ወረቀቱን ይዤ ወደ ጓሮው ክፍል ሄድኩ፤ የፊቱ መኪናዬ ነጻ ነበር፣ ግን ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ ሰንጠረዥ በሱ መጻፍ አልቻልኩም። ሪባኑ ይለቅ። አሥራ አንደኛው መስመር ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ። ሁለት ፊደል፣ ደግሞ ሁለት ፊደል። ዘጠነኛ መንደር። እሑድ፤ ተመለሽ ያልኳት ሰኞ ዋዜማ።

ሐሙስ ነው የመጣችው። ሐሙስ ብጽፈው ዓርብ ትሳፈር ነበር፤ ቅዳሜ ወንዙ ጋ ትደርስ ነበር። ረቡዕ ወረቀቷን ይዛ ስትሳፈር እናቷ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነበር። ማህተሙን በጣቷ ስትዳብሰው እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን ማስላት ሙያዬ ነውና አሰላሁት፤ ብዙ ጊዜ አሰላሁት፤ አሁንም አጭር ስም በሰማሁ ቁጥር አሰላዋለሁ፤ መልሱ አይለወጥም።

ከዚያ ጻፍኩት። ስሟን መታሁና ነጥቡን ጀመርኩ። ሌሎቹ ስሞች ረጃጅም ናቸው፣ አሥራ ሰባት ነጥብ፣ አሥራ ስምንት ነጥብ ይበቃቸዋል። የሷ አላልቅ አለ። ሃያ አምስት ነጥብ ነው፤ በገጹ ላይ ካሉት ሁሉ ረጅሙ መስመር የሷ ሆነ። ነጥቡ ሲያልቅ ቀኑንና ምክንያቱን መትቼ የመንደሩ ዓምድ ላይ ደረስኩ። በእርሳስ ዘጠነኛ ይላል። እኔ አምስተኛ ብዬ መታሁት።

ኦቦ ሊያመሳክሩልኝ አጠገቤ ተቀመጡ። በሥራችን አንዱ የእጅ ጽሑፉን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው በታይፕ የተጻፈውን ይከተላል። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ያነባሉ፣ እኔ ልክ ነው፣ ልክ ነው እላለሁ። እሳቸው ውሸት የማይወዱ፣ ለአንድ መፈክር ሲሉ እንጀራቸውን ያጡ ሰው ናቸው። አሥራ አንደኛው ላይ ሲደርሱ ስሟን አነበቡ። ቀኑን አነበቡ። «ዘጠነኛ መንደር» አሉ። «ልክ ነው» ማለት የኔ ተራ ነበር፤ ገጹን ወደሳቸው ገፋሁት። ቀና ብለው አዩኝ፤ ከዚያ ወደ ጻፍኩት ገጽ ጎንበስ አሉና በጣታቸው ከስሟ ጀምረው ነጥቡን እየተከተሉ ቀስ ብለው እስከ መንደሩ ዓምድ ሄዱ። ጣታቸው «አምስተኛ» የሚለው ላይ ደረሰ።

«ልክ ነው» አሉ። ቀጣዩን ስም አነበቡ።